የማይግል ማብሪያ

የመሸሻ ጣት መቃጠሉን ያወቀችው ሚስቱ ታየች ናት እንጂ እሱ አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሽሮ ሜዳ ባለው ግቢያቸው፣ ከአሮጌ ቮልስዋገን መኪናው ሥር ወጥቶ፣ እጁን ታጥቦ ገበታ ላይ ተቀመጠ። ታየች ሽሮውን ከነድስቱ እየተንተከተከ አቀረበችለት። እንጀራ ቆርሶ ሲያጠቅስ ዓይኗ እጁ ላይ አረፈ። የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ጫፍ ላይ ባቄላ የምታህል፣ ውሃ የቋጠረች ቁስል አለች። ሰውዬው ያንኑ ጣቱን የሚንተከተክ ሽሮ ውስጥ ይከተዋል፣ ያወጣዋል፤ ፊቱ ላይ ግን ምንም የለም። ስለ መኪናው አምፖል ነው የሚያወራው።

«ጣትህ ምን ሆነ?» አለችው።

አየው። የሌላ ሰው ጣት እንደሚያይ ነው ያየው። ከዚያ ቶሎ ብሎ «እ... የመኪናዋ መብራት ማብሪያ ነው፤ ሰሞኑን ትንሽ ይግላል» አለና እጁን ከገበታው ሥር ከተተው።

ሌላ ሴት ብትሆን ይሄኔ ጮኻ ጎረቤት በሰበሰበች። ታየች ግን ወጥ ጨመረችለት፣ «ብላ እንጂ» አለችው፣ ዝም አለች። ሆድ ይፍጀው አለች። እኔን ብትጠይቁኝ ጥፋቱ ሁሉ የዚች ዝምታ ነው፤ ግን ለመውቀስ አትቸኩሉ፣ ምክንያት አላት።

መሸሻ ሸማኔ ነው። በልጅነቱ ከዶርዜ ወጥቶ፣ እዚሁ ሽሮ ሜዳ ከአጎቱ ጋር የሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ መሥራት ከጀመረ አርባ ሁለት ዓመቱ። ሲሠራ ያየው ሰው ይገረማል፤ ክር ሲበጠስበት ዓይኑን አያወርድም። ወደ መንገዱ እያየ፣ ከሰው ጋር እየቀለደ፣ ጣቱ ብቻውን የተበጠሰውን ድር ፈልጎ ያገኛል፣ ይቋጥራል፤ መጥበቁንም ራሱ ጣቱ ይነግረዋል። «ዓይን ለጀማሪ ነው» ይላል ሁልጊዜ። የመሸሻ ቋጠሮ አይፈታም ይባል ነበር።

ይባል ነበር ነው ያልኩት። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ደንበኛ ነጠላ ይዛ ሱቅ መጣች። ሱቁ ላይ የምትቀመጠው ታየች ናት፤ እሱ ይሠራል፣ እሷ ትሸጣለች። «አንዴ ባጥበው ተተረተረ» አለች ሴትዮዋ። ታየች ዘርግታ አየችው። ቋጠሮው ልል ነው፤ ልጅ የቋጠረው ይመስላል። አጋጣሚ ነው ብላ ሌላ ሰጠቻት። በወሩ ሁለተኛ መጣ። ከዚያ ወዲህ መሸሻ የጨረሰውን ሸማ ሁሉ፣ እሱ ቤተ ክርስቲያን ወይ ዕድር ሲሄድ ጠብቃ፣ መስኮት ሥር ዘርግታ ትፈትሻለች። የላላውን ፈልጋ በመርፌ ታጠብቃለች፣ አጥፋ ታስቀምጣለች። ጣቱ እንደደነዘዘ አወቀች። እሱ ግን ማወቋን አያውቅም፤ ደነዘዘኝ ብሎም አልነገራት። አንድ ቤት እየኖሩ፣ አንዱን ምስጢር ከወዲያና ከወዲህ ይዘው ተቀምጠዋል።

ልጃቸው ቤዛዊት ጳውሎስ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ያን ሰሞን የአባቷን ስኳር ለክታ ከፍ ብሎ ስላገኘችው ሐኪም ዘንድ ወሰደችውና ኪኒን ተጀመረለት፤ ትዝ ሲለው ይውጣል። አንድ ቀን እናቷን ለብቻዋ ይዛ «እማዬ፣ ጣቱን ይደነዝዘዋል እንዴ? ስኳር እንዲህ ያደርጋል። ካለ ቶሎ መታየት አለበት» አለቻት።

«ኧረ በፍጹም» አለች ታየች።

ለምን ዋሸች? አንድ ጊዜ ታይፎይድ ይዞት ሦስት ሳምንት ከሥራ ቀርቶ የዋለ ጊዜ አይታዋለች። ምግብ አይበላም፣ ሰው አያናግርም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ጣትህ ሞቷል የተባለ ሸማኔማ በቁሙ ተቀበረ ማለት ነው። እንዲህ ነበር የምታስበው፤ ስለዚህ ቋጠሮውን እያጠበቀች ዝም አለች።

ሸማው ቢሆን እሺ፤ ቢበዛ ይተረተራል። መኪናዋ ግን ሌላ ጉድ ናት። ከአንድ ሰው ግቢ ዶሮ ሲያድርባት አግኝቶ ነው የገዛት፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ትርፍ ሰዓቱን በልታለች። ብሎን በብሎን ፈትቶ ገጠማት፤ ሌላ ሰው ሲነካት አይወድም። ከሁሉ የሚሳሳው ለዳሽቦርዷ ነው፣ ከዳሽቦርዷም ለመብራቷ ማብሪያ። ነጭ፣ ስትጎተት የምታበራ፣ ስትገፋ የምታጠፋ፣ ከፋብሪካ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ያልተለወጠች። «መርካቶን ብታገላብጪው እንደዚች አታገኚም» ይላታል። የእንጦጦ ጉም ሲያስቸግረው ጊዜ ጠንካራ አምፖል ገዝቶ ገጠመ። ያ አምፖል የሚጠጣው ኤሌክትሪክ ሁሉ በዚች አሮጊት ማብሪያ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ጋለች፤ ጣቱንም አቃጠለችው።

ሰኞ ዕለት ታየች አዲሱ ገበያ ለደንበኛ ጋቢ ልታደርስ ስትወጣ «ላድርስሽ፣ እግረ መንገዴን ቶለሳን ላማክረው» አላት። ቶለሳ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ እጁ ንጹሕ የሚባል ሰው ነው። አንገቱን ከዳሽቦርዱ ሥር ከትቶ አየና ወጣ።

«ጋሽ መሸሻ፣ ማብሪያው ጥፋት የለበትም» አለ። «ከአቅሙ በላይ አሸክመውት ነው። ሪሌ ያስፈልገዎታል።»

የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ነገር ከመሳቢያ አወጣ። «ከባትሪው የሚመጣው ወፍራም ሽቦ ወደዚች ይገባል፣ ከዚች ወደ መብራቱ ይወጣል። ማብሪያው ጋ የሚደርሰው ቀጭን ሽቦ ብቻ ነው። ማብሪያው ያዛል፣ ይቺ ትሸከማለች። ከእንግዲህ አይግልም።»

የመሸሻ ፊት ፈካ። ለማብሪያዋ ዕድሜ ተገኘላት።

«ነገ ይተዉልኝና ልግጠምልዎት» አለ ቶለሳ።

«እኔው እገጥማታለሁ። አንተ ወረቀት ላይ ሣልልኝ።»

ቶለሳ ሣለለት። ሲሰጠው ግን እጁን ያዝ አደረገው። «አንድ ነገር ልንገርዎት። እያንዳንዱ የሽቦ ጫፍ ሲገባ ጥብቅ ይበል። ጎትተው ይሞክሩት፣ በዓይንዎም ይዩት። ከላላ እዚያው ላይ ይግላል፤ ፊውዝም አያድንዎትም። ፊውዝ የሚያውቀው ኤሌክትሪኩ ሲበዛ ነው፤ የላላ ነገር አያውቅም።»

«አርባ ዓመት ክር የቋጠረ ጣት ለሽቦ ያንሳል?» አለ መሸሻ።

ቶለሳ ሳቀ። ታየች አልሳቀችም። ሌባ ጣቱ በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ቶለሳ ዓይኑ እያየው አላስተዋለውም። አፏን ከፈተች። ከዚያ «በቃ እንሂድ፣ ሰው ይጠብቀኛል» አለች።

መግጠሙ የማክሰኞንና የረቡዕን ከሰዓት ፈጀበት። በጀርባው ተኝቶ፣ ጭንቅላቱ ከፔዳሎቹ ሥር፣ እግሩ ከበር ውጭ። እጁ ወደ ላይ፣ ዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ዓይን የማይደርስበት ገብቷል። ታየች የእጅ ባትሪ ልታበራለት ብትጎነብስ «አርቂው፣ ዓይኔን ነው የሚያጠፋው» አላት። ዓይኑ ውጭ ነው፤ የግቢውን አጥር እያየ፣ ጣቱ በጨለማ ውስጥ ሽቦ ይሰካል። ልክ ሸማው ላይ እንደሚያደርገው።

«ቶለሳ ጎትተህ ሞክር ብሎህ የለ?»

«ሞክሬዋለሁ። ጠብቋል።»

ጠብቋል ያለው ጣቱ ነው። የትኛው ጣት? ያ በሚንተከተክ ሽሮ የማይቃጠለው ጣት።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ጠራት። ማብሪያዋን ሲጎትታት ከውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ የግቢው ግንብ በብርሃን ተጥለቀለቀ። ብዙ ካቆያት በኋላ «ንኪያት እስቲ» አላት። ነካቻት። ቀዝቃዛ ናት። እውነቱን ለመናገር ታየችም ደስ አላት። ጣቱ ከእንግዲህ አይቃጠልም፣ ማንም አይጠይቀውም አለች። ይኸው እንግዲህ የሰው ሞኝነት፤ ቀድሞ ሙቀቱ እጅ የሚደርስበት ቦታ ነበር፣ ቢያንስ እሷ ነክታ ታውቀው ነበር። አሁን ከዳሽቦርዱ ጀርባ ገባ። በዚች መኪና ደግሞ ሞተሩ ከኋላ፣ የቤንዚን ታንኩ ከፊት ነው፤ ከዚያች ሪሌ የሚለየው አንድ ስስ ቆርቆሮ ነው።

ሐሙስ የቤዛዊትን ልጅ ሲናን ከትምህርት ቤት ሊያመጧት አብረው ሄዱ። ሲና ስድስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ሥራ ስትውል እነሱ ጋ ነው የምትውለው። ሰማዩ ለዝናብ ስለጨለመ መብራት አብርቶ ይነዳል። ሲና ከኋላ ወንበር አፍንጫዋን ይዛ «አባባ፣ መኪናው ዓሣ ዓሣ ይሸታል» አለች።

«ማን ዓሣ ጫነበት?» አለ እየሳቀ።

ታየችም ሸተታት። የተጠበሰ ሳይሆን የከረመ ዓሣ ዓይነት። ጎንበስ ብላ ብታሸት ከዳሽቦርዱ ውስጥ ነው የሚመጣው። ማብሪያዋን ነካች፤ ቀዝቃዛ ናት።

«ይኸው ቀዝቃዛ ናት፤ ታዲያ ምን ይቃጠላል?» አላት መሸሻ።

አርብ ጠዋት ሱቁን ዘግታ ብቻዋን አዲሱ ገበያ ወረደች። ቶለሳ ስለ ሽታው ስትነግረው የያዘውን ፒንሳ አስቀመጠ።

«ዓሣ ነው ያሉኝ?»

«ዓሣ።»

«ፕላስቲኩ ሲበስል እንደዚያ ይሸታል። የላላ ጫፍ አለ ማለት ነው። እትዬ ታየች፣ እንዳይነዷት። ዛሬና ነገ ከዚህ ሥራ ንቅንቅ ማለት አልችልም፤ እሁድ ከሰዓት እመጣለሁ።» ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «የሚገርም ነው። የጋሽ መሸሻ ጣት የታወቀ ነው፤ እንዴት ላላበት?»

እውነቱን ብትነግረው ኖሮ ሥራውን ጥሎ ይመጣ ነበር። ሽታውን ሰምቶ ያልሮጠው በመሸሻ ጣት ስለሚተማመን ነው። ታየች ይሄን ታውቃለች።

«እንጃ» አለችው።

ይቺን «እንጃ» ይዛ ዳገቱን ወጣች። ቤት ደርሳ «ቶለሳ አትንዳት ብሏል» አለችው። መሸሻ የሽመና መወርወሪያውን አቆመ።

«አንቺ ነሽ የሄድሽበት?»

«ሽታው አሳስቦኝ ነው።»

«ሥራ ፈልጎ ነው» አለ። አልተቆጣም። ብትቆጣኝ በወደድኩ አለች በሆዷ፤ ተዋርዷል። ያን ቀን እራት አልበላም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቶለሳ ሊደርስ ሰዓታት ሲቀሩት፣ ሲና ቡትስ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማለች። አያቷ እንጦጦ ላይ ያለውን የእጽዋት ማዕከል አሳይሻለሁ ብሏት ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ስትቆጥር ከርማለች። ሰማዩ ጠቁሯል። ታየች «ዝናብ ነው፣ ሌላ ቀን ይሁን» አለች። ሲና ከንፈሯን ጣለች። መሸሻ ቁልፉን አነሣ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የቀራት። «ጣትህ አይሰማውም፣ ሽቦውን አላጠበቅኸውም» ማለት ብቻ። ልጅቷ ፊት? በገዛ ደጁ? አንገቱን ደፍቶ ቁልፉን ሲመልስ ታያት፤ አልቻለችም። «እኔም እሄዳለሁ» ብላ ከፊት ገባች። አብሮ መሆኑ ምን እንደሚጠቅም እሷም አታውቅም።

ሽሮ ሜዳን አልፈው ዳገቱን ሲይዙ ዝናቡ ለቀቀው። ከፍ ሲሉ ደግሞ ጉም ወረደና ባሕር ዛፎቹን ዋጣቸው። መሸሻ ማብሪያዋን ጎተተ። ቀጭ። ጉሙ ፊት ለፊታቸው ነጭ ሆነ። ብዙም አልሄዱም፤ ሽታው መጣ። ዛሬ ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ፀጉር ሲነድ የሚሸተው ዓይነትም አለበት።

«አቁም» አለች ታየች።

«ኩርባው ይለፍ።»

ከመስታወቱ ሥር፣ ከዳሽቦርዱ ክፍተት፣ ቀጭን ጢስ ተነሣ። ያኔ አመነ። ማብሪያዋን ገፋ፤ መብራቱ አልጠፋም። ጎትቶ እንደገና ገፋት። ጉሙ እንደበራ ነው። ያቺ ቀዝቃዛ፣ ምንም ያልነካት ማብሪያ እጁ ላይ ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ ውስጥ ያለችው ሪሌ ግን ቀልጣ ተጣብቃለች፣ ከእንግዲህ ትእዛዝ አትሰማም። ዳር ይዞ አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ። መብራቱ አሁንም እንደበራ ነው። ከፔዳሎቹ በላይ ቢጫ ነበልባል ታየ።

መኪናዋ ሁለት በር ብቻ ናት። ከኋላ ያለ ሰው የሚወጣው የፊት ወንበር ሲታጠፍ ነው። ታየች ወርዳ የወንበሩን መቆለፊያ ጎተተች፤ አልላቀቅ አለ። ሲና ትስላለች፣ እጆቿን ትዘረጋለች። ታየች ወንበሩን በእግሯ እየረገጠች ትጎትታለች።

መሸሻ በሩ ተከፍቶለት ነበር፤ መውጣት ይችላል። አልወጣም። ጎንበስ ብሎ ቀኝ እጁን ነበልባሉ ውስጥ እስከ ክንዱ ከተተ። የሽቦውን እሽግ ጨብጦ ሳበ። አልተበጠሰም። አልለቀቀም፤ እንደገና ሳበ። ታየች እጁ ሲንጣጣ ሰማች። ፊቱን አየችው፤ ሕመም የለበትም። ወደ ጉሙ እያየ፣ የተበጠሰ ድር እንደሚፈልግ ሰው፣ በጣቱ ይፈልጋል። በሦስተኛው ሲስብ መብራቱ ድርግም አለ። ወንበሩም ያኔ ተላቀቀ፣ ሲናን በክንዷ ጎትታ አወጣቻት።

ከኋላቸው የደረሰ ሚኒባስ ወያላ እርጥብ አፈር በካርቶን እያፈሰ የቀረውን እሳት አጠፋ። ሲና ፀጉሯ እንኳ አልተነካም። መሸሻ ወርዶ መንገዱ ዳር ቆመ፤ ቁራጭ ሽቦ እንደጨበጠ ነው። «ተቋረጠ፣ አይዟችሁ» አለ። ሽቦውን ሊጥለው እጁን ሊከፍት ሞከረ፤ አልከፈት አለው። ሽቦው ከሥጋው ጋር ተጣብቋል። ሲና አይታ ጮኸች፤ እሱም በልጅቷ ጩኸት ነው ወደ እጁ ያየው።

በዚያው ሚኒባስ ሆስፒታል ወረዱ። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ ሽቦውን በቀስታ አንሥታ፣ ቁስሉን አጥባ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አየች።

«ያምዎታል አባቴ?»

«በጣም» አለ መሸሻ። ፊቱን አጨማደደ።

«ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ። እዚህ ጋ ስነካዎትስ?»

«ኡፍ፣ ያማል።»

ታየች አጠገቡ ቆማለች። የሐኪሟ እጅ የራሷ ጭን ላይ ነው፤ ምንም አልነካችውም። ሐኪሟ ግራ ገብቷት ወደ ታየች ቀና አለች። ቤዛዊት ከሥራዋ እየሮጠች መጥታ በሩ ላይ የደረሰችው በዚህ ጊዜ ነው።

«አይሰማውም» አለች ታየች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ሁለት ዓመት ሆነው። ቋጠሮው ሲላላ እያየሁ እኔ ነበርኩ የማጠብቀው። ልጄ ጠይቃኝ ዋሸኋት።»

መሸሻ ዓይኑን ገለጠ። ቤዛዊት «እማዬ፣ ልጄን እኮ ነው እያወቅሽ እዚያ መኪና ላይ ያሳፈርሻት» አለችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ሐኪሟ አልደበቀችም። ሦስቱ ጣቶች አይተርፉም አለች፤ አውራ ጣቱ፣ ሌባ ጣቱና የመሃሉ፤ ቃጠሎው እስከ አጥንት ደርሷል። የቀዶ ጥገና ስምምነት ወረቀት አመጣች። ይፈርም ቢሉት በየትኛው እጁ? ወረቀቱ ለታየች ተሰጠ። እስክሪብቶውን ይዛ ስሟን መጻፍ ጀመረች፤ እንባዋ ወረቀቱ ላይ ሲንጠባጠብ ቀለሙ ተበላሸ፤ ሐኪሟ ሌላ ወረቀት ልታመጣ ወጣች።

መሸሻ በደህናው እጁ ክንዷን ያዘ። በሠላሳ ዓመት ትዳር እንዲህ ባለ ድምፅ አናግሯት አያውቅም።

«ለምን ታለቅሻለሽ?» አላት። «አያመኝም እኮ።»